ያልፈረሰው ድንኳን

የራሴን ለቅሶ ደርሼ አውቃለሁ። ድንኳኔን አይቻለሁ። እናቴ ስሜን እየጠራች ስታለቅስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእኔ ተብሎ ከተቀቀለው ንፍሮም ቀምሻለሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ለረጅም ጊዜ አብሬ ስስቅ ኖሬያለሁ፤ ምክንያቱም የማወራው እስከሚያስቀው ቦታ ድረስ ብቻ ነበር። ዛሬ እስከ መጨረሻው ላውራላችሁ። የምትስቁ ከሆነ ግን ቶሎ ብላችሁ ሳቁ።

ያኔ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ነው። ዮናስ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች አንድያ ልጅ ነው፤ በሁለታችን ቤት መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። አብረን አድገን፣ አብረን ተምረን፣ ዩኒቨርሲቲም አንድ ላይ ደረሰን። የተመደብንበት ትምህርት ክፍል ስለ ዓሣና ስለ ውኃ ሀብት የሚያስተምር ነው። ወዳችሁ ነው ወይ ብትሉኝ፣ ኧረ ምን ወደን! ውጤታችን ያደረሰን እዚያ ነው።

ሰፈር ውስጥ የተያዘብን ሙድ ለጉድ ነበር። የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ "ዓሣ ለመብላት እንጂ ለመማር ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው አይተን አናውቅም" ይሉናል። ዮናስንማ "አንተ ደግሞ ከነስምህ! ዓሣው ሲውጥህ ሆዱ ውስጥ ሆነህ ታጠናዋለህ" እያሉ ይለክፉታል። እኔ ቶሎ የምበግን ሰው ነኝ፤ ከአንዱ ጋር ልደባደብ ስል ስንቴ ተገላግያለሁ። ዮኒ ግን "ችግር የለም፣ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ እወጣለሁ" ብሎ አብሯቸው ይስቃል።

ክረምት ላይ አፓረንትሺፕ፣ ማለትም የተግባር ልምምድ፣ መውጣት ግዴታ ነበር። የክፍል ጓደኞቻችን ሐዋሳና ባሕር ዳር ሄዱ፤ ፀሐይ፣ ሐይቅ፣ ፎቶ። እኛ ከቤታችን ተመላልሰን እንሠራለን ብለን፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የውኃ ግድብ ተመደብን። ሥራው ይኸውላችሁ፦ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ገብተን መረብ እንጥላለን፤ መረቡ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት እናወጣዋለን። የተያዘውን ዓሣ፣ ቆሮሶውንና ካርፑን፣ እንለካለን፣ እንመዝናለን፣ ሆዱን ቀደን ምን እንደበላ እናያለን። በሐምሌ ብርድ! ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው ትዝ የሚለኝ የዓሣ እሾህ ሲወጋኝ ብቻ ነበር።

እማዬ በመጀመሪያው ቀን ብርድ አንቀጥቅጦኝ ስገባ አየችና በማግስቱ መርካቶ ሄዳ ከሰልባጅ ተራ ጃኬት ገዛችልኝ። ቢጫ ነው። ዓይን የሚወጋ ቢጫ። እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ ከፊት ለፊቱ ትልልቅ የብረት ቁልፎች ተደርድረውበታል።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? የመንገድ ሠራተኛ አደረግሽኝ እኮ!" አልኳት።

"ዝም በል። ጉም ውስጥ ብትሆን እንኳ ትታያለህ።"

"ከኮልፌ ሆነሽ ግድቡ ላይ ልታዪኝ ነው?"

"እኔ አላይህም። የሚያይህ ሰው ያይሃል።"

ያን ጃኬት ለብሼ ከማዞሪያው ሳልፍ "ቢጫው መጣ!" የማይለኝ ሰው አልነበረም። በሳምንት ውስጥ በረከት የሚለው ስሜ ተረስቶ ቢጫው ሆኜ ቀረሁ።

ጀልባዋን የሚቀዝፉልን ጋሽ ቶላ የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በጀልባዋ ላይ የማትጣስ አንዲት ሕግ አለች፦ መረብ የሚለቅ ሰው ቁልፍ ያለው ልብስ አይለብስም። መረቡ ቀጭን ስለሆነ ቁልፍ ላይ ይጠመጠማል፤ ከተጠመጠመ ደግሞ ክብደቱ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ እኔና ዮኒ ተራ ነበረን። መረብ የሚለቀው በሹራብ ብቻ ሆኖ ፊት ይቆማል፤ ሌላው ልብሱን እንደለበሰ ኋላ ተቀምጦ ክምሩን ያቀብላል።

የዚያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሽ ቶላ ቀና ብለው አዩና "ቶሎ ጥለን እንውጣ" አሉ። እኔ ጃኬቴን አውልቄ ጠቅልዬ ላስቀምጥ ስል ዮኒ ከኋላ እጁን ዘረጋ።

"እስቲ ቢጫዋን አምጣት፤ ዛሬ እንኳ ሰው ልምሰል።"

"አንተ ሰው ለመምሰል ጃኬት ብቻ አይበቃህም።"

"ባክህ አትሰስት! ብርድ ሊገለኝ ነው እኮ!"

ወረወርኩለት። ለበሰውና ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ እስከ አገጩ ድረስ ቆለፋቸው። እጆቹን ዘርግቶ "እንዴት ነኝ?" አለኝ። "ሙዝ መስለሃል" አልኩት። ሲስቅ ጥርሶቹ ይንገጫገጩ ነበር።

መረቡን አጋምሰናል። ግማሹ ውኃ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ዮኒ እግር ሥር ተከምሯል። ነፋሱ የመጣው በአንዴ ነው፤ ከኋላው ደግሞ በረዶ። ባቄላ የሚያህል በረዶ ፊቴን ሲመታኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሽ ቶላ "ተቀመጡ! ተቀመጡ!" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ጀልባዋ በጎኗ ዘመም አለች፤ ቀና የምትል መስሎኝ ነበር። አልቀናችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በቅደም ተከተል አይታወሰኝም። ዋና አልችልም። ውኃው ልቤን ጨምድዶ ያዘው። እጄ ስትወራጭ የመረቡን ጫፍ እንዲያመለክት የታሰረውን ባዶ ጄሪካን አገኘች፤ በሁለት እጄ አቅፌ ደረቴ ላይ አጣበቅሁት። ገመዱ መቼና እንዴት እንደተበጠሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ነፋሱ ይገፋኛል። ከበረዶው በስተቀር የሚታየኝ ነገር የለም።

"ቤኪ!"

የዮኒ ድምፅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጠራኝ።

"ዮኒ! ዮኒ!" አልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። በረዶው ውኃውን ሲደበድብ ብቻ ይሰማል።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ በዚያች ሰዓት ለእሱ አልፈራሁም። ዮኒ ዋናተኛ ነው። በልጅነቱ ክረምት ክረምት ባሕር ዳር አጎቱ ጋ እየሄደ ነው ያደገው። የፈራሁት ለራሴ ነበር። እሱማ ይሄኔ ወጥቶ እኔን እየፈለገኝ ነው ብዬ ነበር።

ነፋሱ ማዶ ወስዶ ሣር ላይ ጣለኝ። ያገኙኝ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። እርጥብ ልብሴን አስወልቀው፣ የልጃቸውን ሱሪ አልብሰው፣ በቡሉኮ ጠቅልለው እሳት ዳር አስተኙኝ። ስልኬ ውኃ ውስጥ ቀርቷል። የእሳቸውም ስልክ ሞቷል፤ አውሎ ነፋሱ መብራቱን አጥፍቶት ቻርጅ የሚደረግበት የለም። "ነገ በጠዋት አስፋልት ድረስ አደርስሃለሁ፤ አይዞህ" አሉኝ። ትኩሳት ያዘኝ። ስባንን ስተኛ፣ ስባንን ስተኛ አደርኩ። በባነንኩ ቁጥር ሰው አንድ ጊዜ ጠርቶኝ ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሲነጋ ሽማግሌው አስፋልት አድርሰው ለታክሲው ረዳት አደራ ሰጡኝ። ቡሉኮውን ልመልስላቸው ስል "ልበሰው፣ ሌላ ቀን ታመጣዋለህ" ብለው እምቢ አሉ። እኔም ቡሉኮዬን ተከናንቤ 18 ማዞሪያ ወረድኩ።

እንግዲህ የሚያስቀው ቦታ ይኼ ነው። መጀመሪያ ያየኝ ባለሱቁ ሸምሱ ነው። ስኳር እየመዘነ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ "ቢስሚላህ!" አለና ስኳሩን ከነፌስታሉ ለቀቀው። "ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!" እያለ ሲጮህ የነበረው ተራ አስከባሪ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አንዲት እናት አማትበው ወደ ግንቡ ተጠጉ። እኔ ያሰብኩት አለባበሴ አስደንግጧቸው ነው ብዬ ነው። ነገሩ አበገነኝ።

"ምንድን ነው? ቡሉኮ የለበሰ ሰው አይታችሁ አታውቁም?" ብዬ ጮህኩባቸው።

ጥጉን ታጥፌ ወደ ሰፈራችን ስገባ፣ እኛ በር ላይ የዕድራችን ድንኳን ተተክሏል።

እማዬ! አልኩ። ልጇ አድሮ ሲቀርባት ደንግጣ ሞተች! ከዚያ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አጥሩ ጋ ስደርስ ድምፅዋን ሰማሁት። የእማዬ ድምፅ ነው፤ አለች፣ ትናገራለች። ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ የምትለውን አዳመጥኩ።

"ለብርዱ ነው እንጂ ቢጫ ያለበስኩት፣
በምን እጄ ይሆን ለውኃ የሰጠሁት!
በረከቴ! በረከቴ!"

ያኔ ገባኝ። የሚለቀሰው ለእኔ ነው።

ቆሜ መስማት አልነበረብኝም፤ ግን ጥቂት ሰማሁ። የራሱን ስም እንዲያ ሲጠራ የሰማ ሰው ስሙ እንደ ድሮው አይሆንለትም። ከዚያ ገባሁ።

እማዬ መሬት ላይ ነች። ደረቷን እንዳትመታ እትዬ ዘነበች፣ የዮናስ እናት፣ ከኋላዋ ተቀምጠው ሁለት እጆቿን ግጥም አድርገው ይዘዋታል። ፊታቸው ወደ በሩ ስለነበር መጀመሪያ ያዩኝ እሳቸው ናቸው። ጩኸታቸው እስከ ማዞሪያው ሳይሰማ አልቀረም። ወንዶቹ ከድንኳኑ ግር ብለው ተነሡ፤ አንዷ ሴትዮ ራሷን ስታ ወደቀች። እማዬ ግን አልጮኸችም። እየዳኸች መጣችና እግሬን ያዘች፣ ጉልበቴን፣ እጄን፣ ፊቴን። ጆሮዬን ሳይቀር ዳበሰች። አንገቴ ሥር ገብታ አሸተተችኝ። ሰው ነኝ። ልጇ ነኝ።

ከዚያ እልል አለች።

የእናቴ እልልታ ሰፈሩን ያስከበረ እልልታ ነው። እሷ ሳትጠራ ሰርግ አይጀመርም ነበር። ያን ዕለት በለቅሶ የሻከረ ድምፅ ነበራት፤ ቢሆንም እንደዚያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ግቢው ሁሉ ተቀበላት። ከሁሉም በላይ ግን የእትዬ ዘነበች ድምፅ ይሰማ ነበር። ያዘቀዘቁትን ነጠላ አስተካክለው ለበሱ፤ እልል ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም። ከእኔ አልፈው በሩን ነበር የሚያዩት።

"ዮናሴስ?" አሉኝ። "ከኋላህ ነው?"

"ዮኒ አልመጣም እንዴ?" አልኩ። ከልቤ ነበር።

"ይኸው ነው እንግዲህ ስሕተቱ!" አለ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ። ከንጋት ጀምሮ በየመንደሩ እየዞረ የእኔን ስም የጠራው እሱ ነው። "ጀልባዋን ይዞ የተረፈው ጀልበኛ ቢጫ ጃኬት የለበሰው ሲሰምጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሌላው ጄሪካን ይዞ ወደ ማዶ ሄዷል አለ። በበረዶ ውስጥ ምን ሊያይ! ሁለቱም ተርፈዋል ማለት ነው። ተመስገን!"

"ተመስገን!" አለ ሰው ሁሉ።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄ ሳላዘው ወደ ደረቴ ሄደ፣ ቁልፎቹ ይኖሩበት ወደነበረው ቦታ።

ይህን ያዩ አንድ ሰው ነበሩ። ጋሽ ተክሌ ይባላሉ፤ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። መርዶውም መጀመሪያ የደረሰው ለእሳቸው ነው። ፊቱን አይታችኋል ወይ፣ ማን መሆኑን አረጋግጣችኋል ወይ ብለው አልጠየቁም፤ በእኛ ሰፈር መርዶ የመጣበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል እንጂ አይመረምርም። ቢጫ ከተባለ ደግሞ ኮልፌ ውስጥ ቢጫው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ክንዴን ይዘው "ልጁ ይረፍ፣ ብርድ ላይ ነው" እያሉ ወደ ጓዳ አስገቡኝና በሩን ዘጉት።

"ጃኬትህ የት አለ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ቡሉኮውን ደረቴ ላይ ሰበሰብኩት።

"በረከት። ጃኬትህን ማን ለብሶት ነበር?"

"ዮኒ" አልኩ። "በርዶኛል ብሎኝ... እኔ መረብ የምለቅ ነበርኩ፣ ቁልፍ ያለው ልብስ..."

አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። ከውጭ እልልታው አሁንም አልቆመም። የእትዬ ዘነበችን ድምፅ ከመካከሉ ለይቼ እሰማዋለሁ። ጋሽ ተክሌም ሰሙት። ሁለታችንም በሩን አየን።

"ስማኝ" አሉ በመጨረሻ። "አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። የዘነበች ወንድም ዘነበወርቅ ሰፈር ነው ያለው፤ እሱ ይምጣ፣ የንስሐ አባቷ ይምጡ። ነገ ማለዳ በወጉ ይነገራታል።"

"ጋሼ፣ እኔ አልችልም። ዓይናቸውን ማየት አልችልም።"

"ትችላለህ። አሁን ደስ ብሏታል። ዛሬን እንኳ ትደሰት።"

ወጣሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ? እትዬ ዘነበች አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ንፍሮውን በሰሃን አመጡና በእጃቸው ዘግነው አፌ ውስጥ አደረጉ።

"ብላ፣ ብላ! ዮናሴም ርቦት ነው የሚመጣው። አንተ ዋና የማትችለው ከዳንክ፣ የእኔማ ምን ይሆናል! ዮናስ ብዬ ስም ያወጣሁለት በከንቱ መሰለህ? የእኔን ልጅ ዓሣ አይበላውም!"

ንፍሮውን በጉንጬ ያዝኩት።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ቤኪዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለእናትህ እንዳትነግራት። ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንተ ሳለቅስ ነው ያደርኩት፤ ቤተሰቤ ነህና። መርዶውን ንጋት ላይ ሲነግሯት እጇን ይዤ አብሬያት ጮኻለሁ። በልቤ ግን ማዶ የሄደው የእኔ ነው፣ የእኔ ተርፏል እያልኩ ነበር። እያፈርኩ ደስ ይለኝ ነበር። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ይኸው አንተንም መለሰልን፤ አሁንማ ምን ያሳፍረኛል?"

"ይመጣል" አልኳቸው። ከአፌ የወጣው ይህ ነው።

"ይመጣል!" አሉና ጉንጬን ሳሙኝ።

እንዲያ እያልን አረፈድን። እማዬ እጄን ለአፍታ አትለቅም። ምንም አታውቅም፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ጋሽ ተክሌ ስልካቸውን ይዘው ወጣ ገባ ይላሉ። እሳቸው ወደ ግቢ በገቡ ቁጥር እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ቀትር ላይ ሲያካፋ ያረፈደው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ አለች። የዕድሩ ወጣቶች እየቀለዱ የድንኳኑን ካስማ መንቀል ጀመሩ። አንዱ "ቢጫው፣ ድንኳንህን ራስህ አግዘና እናፍርሰው!" ብሎኝ ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ተዉት!" አሉ ጋሽ ተክሌ ከበሩ። "እንዳትነኩት።"

"ለምን ጋሼ? ልጁ መጥቶ የለ?"

"ረጥቧል። እርጥብ ድንኳን አይታጠፍም። ይዋል።"

ልጆቹ ትከሻቸውን ሰብቀው ካስማውን መልሰው ተከሉት። ማንም ነገሬ አላለውም። ከአንድ ሰው በስተቀር።

የሴቶቹ ዕድር ሰሃንና ብርጭቆ የሚቀመጠው እትዬ ዘነበች ጓሮ ነው። ለቅሶ ሲኖር የሚያወጡት እሳቸው፣ ለቅሶ ሲያበቃ ቆጥረው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜም ሰሃኖቹን አጥበው ጨርሰው፣ ደራርበው በሁለት እጃቸው ታቅፈው ነበር። የድንኳኑን ነገር ሲሰሙ ቆም አሉ።

"ጋሽ ተክሌ" አሉ እንደ ቀልድ። "እኔ እንግዲህ ሰሃኔን ወደ ቤቴ ልመልስ። ታጥቧል።"

ጋሽ ተክሌ ቶሎ አልመለሱም። መመለስ የነበረባቸው ቶሎ ነበር።

"ይቆይ" አሉ።

"ታጥቧል እኮ።"

"እዚሁ ይቆይ፣ ዘነቡ።"

እትዬ ዘነበች ድንኳኑን አዩት። በዝናብ ርጥብጥብ ብሎ የተጠቀለለ ድንኳን ስንት ጊዜ በእሳቸው በር ሲያልፍ እንዳዩ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ያውቃሉ። የታቀፉትን ሰሃን አዩት። ሌላ ማንንም አልጠየቁም። ዞረው እኔን አዩኝ።

"ቤኪ።"

"አቤት።"

"ጃኬትህ የት አለ?"

ልዋሻቸው ፈለግሁ፤ በእናቴ ስም እምልላችኋለሁ፣ ፈለግሁ። ፊቴ ግን ቀድሞኝ ነግሯቸዋል።

ሰሃኖቹን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። አንዱ እንኳ አልተንኳኳም። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ነጠላቸውን አውልቀው አዘቀዘቁት።

ጥቂት ሰዎች ገና እየሳቁ ነበር። እማዬ ቀድማ ገባት። እጄን ለቀቀች፤ ከጓዳ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እየዳኸች ሄዳ ከእትዬ ዘነበች ኋላ ተቀመጠችና ደረታቸውን እንዳይመቱ ሁለት እጃቸውን ግጥም አድርጋ ያዘች። የእትዬ ዘነበች ጩኸት ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ወጣቶቹ ድንኳኑን ነቅለው ሳያጥፉት፣ በአራት ማዕዘኑ ይዘው ወደ ጎረቤት ግቢ ወሰዱት። ሰሃኖቹም ተከተሉ። ከሰዓት በኋላ ጡሩምባው እንደገና በየመንደሩ ዞረ፤ ስሙ ብቻ ተቀይሯል።

ዮኒን ያወጡት ጋሽ ቶላ ናቸው። መረቡን ከመጨረሻው ጀምሮ ሲስቡ አገኙት። እኔ ሬሳውን አላየሁም፤ ጋሽ ቶላ ግን ለቀብር መጥተው ዳር ላይ ሲያለቅሱ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው። የጃኬቱ ቁልፎች በሙሉ መረቡን ይዘው ነበር አሉኝ። ሁሉንም ቆልፏቸው ነበራ። ዋናተኛው ዮኒ መዋኘት ያልቻለው ለዚህ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ትምህርቴን ጨርሻለሁ፣ ዛሬም የምሠራው ከዓሣ ጋር ነው። ቁልፍ ያለው ልብስ ግን አልለብስም፤ ሸሚዝ እንኳ የለኝም። ከሩቅ ሰው አንድ ጊዜ ጠርቶኝ ዝም ካለ ላብ ያጠምቀኛል፤ ሁለተኛ ካልተጠራሁ እግሬ አይንቀሳቀስም። አንዳንዴ ተኝቼ የእማዬን ለቅሶ እሰማለሁ፤ ያ ለቅሶ ለእኔ ወጥቶ ተመልሶ የሄደው ወደ ዮኒ ነው፣ ግን ለእኔ የወጣው ሁሉ ተመልሶ የሄደ አይመስለኝም። የሆነ ነገሬ እዚያ ድንኳን ውስጥ ቀርቷል።

መርዶን ደብቆ በወጉ መንገርን አልጠላውም። እናንተም እንዳትጠሉት። ነገር ግን እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣባችሁ አንገት ከመድፋታችሁ በፊት ጠይቁ። ፊቱን አይታችኋል ወይ በሉ። ነውር መስሎ ከታያችሁም ነውረኛ ሁኑ። ጋሽ ተክሌ ያን ዕለት ባለመጠየቃቸው እስኪሞቱ ድረስ ይጸጸቱ ነበር።

የተመረቅሁ ቀን ቤታችን ሰው ሞላ። ጋዋኔን እንደለበስኩ ገባሁ። እማዬ አቅፋ ሳመችኝ፤ እልል ግን አላለችም። ከዚያች ቀን ወዲህ እልል ብላ አታውቅም፣ የሰው ሰርግ ላይ እንኳ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። እሷ ካላለች ደግሞ ማን ይበል? ዳቦው ተቆረሰ፣ ሰው ተጎራረሰ፣ ቤቱ ጭር እንዳለ ነው።

እትዬ ዘነበች በአጥሩ በኩል መጡ። ነጠላቸውን በወጉ ለብሰዋል።

"ምነው? ምን ሆናችሁ ነው?" አሉ። "ስንዱ፣ ልጅሽ ተመርቆ ዝም ትያለሽ?"

እማዬ ልትመልስ ሞከረችና እንባ ቀደማት።

"በይ ተይው፤ እኔ እልልሻለሁ" አሉ እትዬ ዘነበች። ከፊት ለፊቴ ቆመው እልል አሉ። ረጅም፣ ጠንካራ፣ ያችን ቀን የሰማሁት እልልታ ራሱ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፤ ቤቱ ሞቀ።

እኔ ግን ዓይናቸውን እያየሁ ነበር። እኔን አያዩም። ከእኔ አልፈው በሩን ነው የሚያዩት። እኔም ዞሬ በሩን አየሁ።